አምስተኛው የፌርማ ቁጥር፦ የ4294967297 ምርመራ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ይህ ማስታወሻ 4294967297 የተባለውን አንድ ቁጥር ከአሠራሩ ጀምሮ እስከ አካፋዮቹና ከዚያም አልፎ በእጅ ለመመርመር የተያዘ ነው። ቁጥሩ 32 ሁለቶች እርስ በርስ ተባዝተው 1 ሲጨመርባቸው የሚገኝ ሲሆን፣ አምስተኛው የፌርማ ቁጥር በመባል ይታወቃል። አካፋዮቹን ለማውጣት ኮምፒዩተር የሚያስፈልገው ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው፤ እኔ የምከታተለው ግን እያንዳንዱ ጠባዩ 2³² + 1 ከሚለው ቅርጹ እንዴት እንደሚመነጭ ነው። ስለዚህ በወረቀት ሊሠራ የሚችለውን ሁሉ በወረቀት እሠራለሁ፤ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ የምጠቀመው አንድን ስሌት ብዙ ጊዜ መደጋገም ሲያስፈልግ ብቻ ነው።

ሰኞ ማታ

ቁጥሩን ለመሥራት ከ2 ተነሥቶ ዳግም ርቢ እየወሰዱ መሄድ ይበቃል፦ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65536፣ 4294967296። በእያንዳንዳቸው ላይ 1 ሲጨመር 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65537 እና የእኛው ቁጥር ይገኛሉ። ቆጠራው ከዜሮ ስለሚጀምር በተራ ስድስተኛ የሆነው አምስተኛ ተባለ። የመጀመሪያዎቹ አምስቱ ብቸኛ ቁጥሮች ናቸው፤ ከ1ና ከራሳቸው በቀር የሚያካፍላቸው የለም። ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ፒየር ዴ ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 በጻፋቸው ደብዳቤዎች የዚህ ዝርያ ቁጥሮች በሙሉ ብቸኛ እንደሆኑ የሚያምን መሆኑን ገልጿል፤ ማረጋገጫውን ግን እንዳላገኘ አልሸሸገም።

በሁለትዮሽ ሲጻፍ ቁጥሩ አንድ 1፣ ከዚያ 31 ዜሮዎች፣ በመጨረሻም አንድ 1 ነው። በኮምፒዩተር ውስጥ 32 ቢት (32 የሁለትዮሽ አኃዝ) ያለው ምልክት አልባ የቁጥር ቦታ ከ0 እስከ 4294967295 ድረስ ብቻ ስለሚይዝ፣ የእኛ ቁጥር እዚያ ውስጥ ቢገባ ትልቁ 1 ተቆርጦ 1 ብቻ ይቀራል። ስለዚህ በዚህ ሥራ ውስጥ የማሽኑን የቁጥር ወሰን ማወቅ ግድ ነው፤ ፓይተን ለሙሉ ቁጥር ርዝመት ወሰን ስለማያበጅ ለዚህ ይመቻል።

በግእዝ አኃዝ ደግሞ ቁጥሩ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፯ ይሆናል። የግእዝ አጻጻፍ አኃዞቹን ሁለት ሁለት እያደረገ 42፣ 94፣ 96፣ 72፣ 97 ብሎ ይቦድናቸዋል፤ ይህ መቦደን ለውበት ብቻ አለመሆኑንና ለማመሳከሪያ ስሌት በቀጥታ የሚያገለግል መሆኑን ከታች አሳያለሁ።

ማክሰኞ ጠዋት

የዛሬው ሥራ አካፋይ ፍለጋ ነው። አንድ ቁጥር ብቸኛ ካልሆነ ከዳግም ዘሩ የማይበልጥ ብቸኛ አካፋይ ሊኖረው ስለሚገባ፣ ያለ ምንም ብልሃት ከተሄደ እስከ 65536 ያሉት 6542 ብቸኛ ቁጥሮች በሙሉ መሞከር አለባቸው። አሥር አኃዝ ያለውን ቁጥር ይህን ያህል ጊዜ ማካፈል ለእርሳስና ለወረቀት የሚሆን ሥራ አይደለም። የቁጥሩ ቅርጽ ግን ፍለጋውን እጅግ ያሳጥረዋል።

በመጀመሪያ የቀደሙት የፌርማ ቁጥሮች ከፍለጋው ይወጣሉ። 3 × 5 = 15፣ 15 × 17 = 255፣ 255 × 257 = 65535፣ 65535 × 65537 = 4294967295። የአምስቱ ብዜት ከእኛ ቁጥር በ2 ብቻ ስለሚያንስ፣ ከአምስቱ በማናቸውም ስናካፍለው ቀሪው ምንጊዜም 2 ነው።

ቀጥሎ ዋናው ሐሳብ ይመጣል። የእኛን ቁጥር ያለ ቀሪ የሚያካፍል አንድ ብቸኛ ቁጥር አለ እንበል፤ ከዚህ በኋላም የቁጥሮችን መጠን ትተን በዚያ አካፋይ ሲካፈሉ የሚተዉትን ቀሪ ብቻ እንያዝ። በባሕረ ሐሳብ መጥቅዕና አበቅቴ የሚወጡት በ30 እየገደፉ ትርፉን በመያዝ ስለሆነ፣ አካሄዱ ለብዙ አንባቢ አዲስ አይሆንም። 2³² + 1 ቀሪ ስለሌለው 2³² ከ −1 ጋር አንድ ነው፤ ስለዚህ 2⁶⁴ ከ1 ጋር አንድ ይሆናል። ከ64 በሚያንስ አርቢ 1 ላይ ሊደረስ አይችልም፤ ቢደረስ ኖሮ ትንሹ እንዲህ ያለ አርቢ የ64 አካፋይ፣ በዚህም የተነሣ የ32 አካፋይ ይሆን ነበርና 2³²ም −1 መሆኑ ቀርቶ 1 በሆነ ነበር። በሌላ በኩል የፌርማ ትንሹ ቴዎሬም እንደሚለው፣ ከአካፋዩ ላይ 1 ቀንሰን የምናገኘውን ቁጥር የ2 አርቢ ብናደርገው ቀሪው 1 ነው። ሁለቱ ሲገናኙ፣ አካፋዩ የግድ ከአንድ የ64 ብዜት በ1 የሚበልጥ መሆን አለበት።

ሌኦንሃርድ ኦይለር በሴንት ፒተርስበርግ ሳለ የተጠቀመበት ማጣሪያ ይህ ነው። የፌርማን አባባል እ.ኤ.አ. በ1729 መጨረሻ በደብዳቤ ያነሣለት ክርስቲያን ጎልድባህ ነበር፤ ኦይለር በ1732 የቁጥሩን አካፋይ አሳየ፣ ማጣሪያውን ከነማረጋገጫው ያብራራው ግን በኋላ ባወጣው ጽሑፍ ነው። ከ64 ብዜቶች በ1 የሚበልጡት ብቸኛ ቁጥሮች በቅደም ተከተል 193፣ 257፣ 449፣ 577፣ 641 ናቸው፤ በዚህ መንገድ አምስተኛው ሙከራ ላይ መልሱ ይገኛል።

ኤድዋር ሉካ በ1878 ማጣሪያውን ከ64 ወደ 128 አጠበበው። አካፋዩ በ8 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ፣ 2 ራሱ የአንድ ሌላ ቁጥር ዳግም ርቢ ቀሪ ይሆናል፤ ያ ሌላ ቁጥር 1 ላይ ለመድረስ የ64 እጥፍ፣ ማለትም 128 አርቢ ያስፈልገዋል። አሁን ዝርዝሩ 129፣ 257፣ 385፣ 513፣ 641 ሆነ። 129 እና 513 በ3፣ 385 በ5 ስለሚካፈሉ ብቸኛ አይደሉም፤ 257 የፌርማ ቁጥር ስለሆነ ቀድሞ ወጥቷል። ስለዚህ በእውነት መካፈል ያለበት የመጀመሪያው ቁጥር 641 ነው። 6542 ሙከራዎች ወደ አንድ ወረዱ፤ ማካፈሉም 6700417 ደርሶ ያለ ቀሪ ተጠናቀቀ።

ማክሰኞ ማታ

4294967297 = 641 × 6700417 መሆኑን በሦስት መንገድ አመሳከርሁ።

የመጀመሪያው ማጠፍና መደመር ነው፤ በፕሮግራመሮች ዘንድ የኢትዮጵያ ማባዛት በሚል ስም የሚታወቀው ዘዴ። 641 ማለት 512 + 128 + 1 ስለሆነ፣ 6700417ን እያጠፍን በ128 እና በ512 ደረጃ ያለውን ብቻ እንወስዳለን፦ 857653376 እና 3430613504። ሁለቱ ከ6700417 ጋር ሲደመሩ 4294967297 ይሰጣሉ።

ሁለተኛው ማመሳከሪያ የግእዙን አቦዳደን የሚጠቀም ነው። 100 በ99 ሲካፈል ቀሪው 1 ስለሆነ፣ ሁለት ሁለት አኃዝ ያላቸው ቡድኖች ድምር በ99 ሲካፈል የሚተወው ቀሪ ከቁጥሩ ቀሪ ጋር እኩል ነው። 42 + 94 + 96 + 72 + 97 = 401፤ ቀሪው 5። 6 + 41 = 47፤ 6 + 70 + 4 + 17 = 97፤ 97 ደግሞ ከ −2 ጋር አንድ ነው፤ 47 × (−2) = −94፣ ይህም ከ5 ጋር አንድ ነው። በ101 ደግሞ 100 ከ −1 ጋር አንድ ስለሆነ ቡድኖቹን ከቀኝ እያፈራረቁ መደመርና መቀነስ ነው፦ 97 − 72 + 96 − 94 + 42 = 69። ለአካፋዮቹ 41 − 6 = 35 እና 17 − 4 + 70 − 6 = 77 ይወጣሉ፤ 35 × 77 = 2695 በ101 ሲካፈል ቀሪው በእርግጥም 69 ነው። በግእዝ አኃዝ የተጻፈ ቁጥር ለእነዚህ ሁለት ስሌቶች ተቦድኖ የተዘጋጀ ስለሆነ፣ ማባዛትንና ማካፈልን ለሚያስተምር ሰው ይህን መሣሪያ ከልብ እመክራለሁ።

ሦስተኛው ከማመሳከር አልፎ ማካፈል የማያሻው ማረጋገጫ ነው፤ ከሁሉም አብልጬ የምወደውም እርሱን ነው። 641 በሁለት መንገድ ይጻፋል፦ 5 × 2⁷ + 1 እና 5⁴ + 2⁴። በ641 ቀሪ ስናስብ፣ ከመጀመሪያው አጻጻፍ 5 × 2⁷ ከ −1 ጋር አንድ ነው፤ ሁለቱንም ወገን አራተኛ ርቢ ስናደርግ 5⁴ × 2²⁸ ከ1 ጋር አንድ ይሆናል። ከሁለተኛው አጻጻፍ ደግሞ 5⁴ ከ −2⁴ ጋር አንድ ነው። ይህን በቦታው ስንተካ −2³² ከ1 ጋር አንድ መሆኑ ይወጣል፤ ይህም 2³² + 1 በ641 ያለ ቀሪ ይካፈላል ማለት ነው። አሥር አኃዝ ያለው ቁጥር አንድም ጊዜ ሳይጻፍ ነገሩ ተረጋገጠ።

ረቡዕ

6700417 ብቸኛ ነው ወይ? ዳግም ዘሩ ከ2588 ጥቂት ይበልጣል፤ የእርሱም ብቸኛ አካፋዮች የእኛው ቁጥር አካፋዮች ስለሚሆኑ የ128 ማጣሪያው ይሠራባቸዋል። በዚህ ወሰን ውስጥ ከ128 ብዜት በ1 የሚበልጡ ብቸኛ ቁጥሮች 257፣ 641፣ 769፣ 1153 እና 1409 ብቻ ናቸው። ቀሪዎቹ በቅደም ተከተል 170፣ 44፣ 120፣ 334 እና 622 ሆኑ። ስለዚህ 6700417 ብቸኛ ነው፤ የቁጥሩ ዝርዝር በሁለት ብቸኛ ቁጥሮች ተዘጋ።

ሐሙስ

ዛሬ የያዝሁት ጥያቄ፣ አካፋዩን ሳናውቅ ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑን ማወቅ ይቻላል ወይ የሚል ነው። ለትልልቆቹ የፌርማ ቁጥሮች ዋናው መሣሪያ ይህ በመሆኑ በእጄ ልሠራው ፈለግሁ።

የፌርማ ትንሹ ቴዎሬም ለሙከራ ያገለግላል፦ የእኛ ቁጥር ብቸኛ ቢሆን ኖሮ፣ ማንኛውም በእርሱ የማይካፈል ቁጥር 4294967296 ያህል አርቢ ሲሰጠው ቀሪው 1 መሆን ነበረበት። በ2 ስንሞክር ግን ፈተናው ምንም አይነግረንም። 2⁶⁴ ከ1 ጋር አንድ እንደሆነ አይተናል፤ 4294967296 ደግሞ የ64 ብዜት ስለሆነ ውጤቱ የግድ 1 ነው። በሌላ አነጋገር 4294967297 ብቸኛ ሳይሆን በ2 የሚደረገውን ፈተና ያልፋል፤ ይህም በማንኛውም የፌርማ ቁጥር ላይ የሚሆን ነው። ለእነዚህ ቁጥሮች 2 ምስክር ሊሆን አይችልም።

እ.ኤ.አ. በ1877 ፔፓን ያቀረበው ፈተና 3ን ይወስዳል። 3ን በተከታታይ 31 ጊዜ ዳግም ርቢ ስናደርግ የመጨረሻው ቀሪ −1፣ ማለትም 4294967296 ከሆነ ቁጥሩ ብቸኛ ነው፤ ካልሆነ አይደለም። ስሌቱን ለእጅ የሚያመቸው አሁንም ቅርጹ ነው። 4294967296 ከ −1 ጋር አንድ ስለሆነ፣ አንድን ትልቅ ቁጥር በ4294967297 ከማካፈል ይልቅ በ4294967296 አካፍሎ ከቀሪው ላይ ድርሻውን መቀነስ ይበቃል፤ ውጤቱ ከዜሮ በታች ከሆነ 4294967297 ይጨመርበታል። በሁለትዮሽ ከሆነማ ማካፈሉ ራሱ ይቀራል፤ አኃዞቹን ከ32ኛው ቦታ ላይ ለሁለት መክፈል ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹ አራት እርምጃዎች 9፣ 81፣ 6561 እና 43046721 ናቸው። አምስተኛው 43046721 × 43046721 = 1853020188851841 ነው። ይህ 16 አኃዝ ያለው ስለሆነ 15 አኃዝ ብቻ በትክክል የሚይዘው ኤክሴል ከዚህ በኋላ አያገለግልም። በ4294967296 ሲካፈል ድርሻው 431439፣ ቀሪው 3793632897 ነው፤ 3793632897 − 431439 = 3793201458። ስድስተኛውን በዚሁ መንገድ መቀጠል የሚቻል ቢሆንም፣ አሠራሩ ስለማይለወጥ ቀሪውን መደጋገም ለፓይተን ሰጠሁ።

ከ31ኛው ዳግም ርቢ በኋላ የቀረው 10324303 ነው። ይህ 4294967296 ስላልሆነ ቁጥሩ ብቸኛ አይደለም። የመጨረሻውን እርምጃ ወደ ወረቀት መልሼ ሠራሁት፦ 10324303 × 10324303 = 106591232435809፤ በ4294967296 ሲካፈል ድርሻው 24817፣ ቀሪው 3029050977፤ ሲቀናነሱ 3029026160። ይህ በ3 የተደረገው የፌርማ ፈተና ውጤት ነው፤ 1 አይደለም።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ማሰቤ አልቀረም። ፌርማ ትንሹን ቴዎሬም የጻፈው በዚያው በ1640 ነው፤ መሣሪያው በእጁ ነበር። 32 ዳግም ርቢዎች፣ እያንዳንዳቸው ቢበዛ 20 አኃዝ የሚደርሱ፣ ለዘመኑ ትጉህ አስሊ የማይቻሉ አልነበሩም። መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት እስኪቀረው ድረስ የቆየው ጥያቄ 3ን በመምረጥ ብቻ ይዘጋ ነበር።

ቅዳሜ

የፌርማ ቁጥር ሁሉ፣ ከመጀመሪያው ከ3 በቀር፣ የሁለት ዳግም ርቢዎች ድምር ሆኖ ተጽፎ ይመጣል፤ የእኛው 65536² + 1² ነው። አንድ ጎዶሎ ቁጥር ብቸኛ ከሆነ እንዲህ የሚጻፈው ቢበዛ በአንድ መንገድ ነው፤ ሁለተኛ መንገድ ከተገኘ ብቸኝነቱ ይፈርሳል፤ ከሁለቱ አጻጻፎችም አካፋዮቹን ማውጣት ይቻላል። ይህም የኦይለር ዘዴ ነው።

ከሁለቱ ተደማሪዎች የትንሹ ዳግም ዘር ከ46340 ስለማይበልጥ፣ ከ1 እስከዚያ ያሉትን ቁጥሮች ለፓይተን ሰጥቼ፣ የእያንዳንዱ ዳግም ርቢ ከ4294967297 ሲቀነስ ልዩነቱ ሙሉ ዳግም ዘር ያለው መሆኑን እንዲመረምር አደረግሁ። ከ1 ሌላ የተገኘው አንድ ብቻ ነው፦ 62264² + 20449²። ሁለቱ ርቢዎች 3876805696 እና 418161601 ናቸው፤ ድምራቸውም የእኛ ቁጥር ነው።

አሁን ልዩነቶቹን እንውሰድ። 65536 − 62264 = 3272፤ 20449 − 1 = 20448። የሁለቱ ትልቁ የጋራ አካፋይ 8 ነው፤ በ8 ሲካፈሉ 409 እና 2556 ይሆናሉ። 409² + 2556² = 167281 + 6533136 = 6700417። ትልቁ አካፋይ አንድም ማካፈል በቁጥሩ ላይ ሳይደረግ በሁለት ልዩነቶች ውስጥ ተገኘ። ትንሹም እንዲሁ ነው፦ 65536 + 62264 = 127800፣ ለ2556 ሲካፈል 50፤ የ50 ግማሽ 25፣ የ8 ግማሽ 4፤ 25² + 4² = 641።

ወደ ኋላ ሲኬድ ደግሞ የበለጠ ያስደንቃል። 25 × 409 = 10225፣ 4 × 2556 = 10224። የእነዚህ ልዩነት 1፣ ድምራቸው 20449 ነው። በ65536² + 1² ውስጥ ያለው ያ 1 ከየት እንደሚመጣ ይህ ያሳያል፤ ሁለት አምስት አኃዝ ያላቸው ብዜቶች በአንድ ብቻ ሳይገናኙ ተላልፈዋል።

እሑድ

የቀሩትን ጠባዮች ባጭሩ አሰፍራለሁ። አካፋዮቹ 1ንና ራሱን ጨምሮ አራት ናቸው፤ ድምራቸው 642 × 6700418 = 4301668356 ነው። ከእርሱ የማይበልጡና ከእርሱ ጋር ከ1 በቀር የጋራ አካፋይ የሌላቸው ቁጥሮች ብዛት 640 × 6700416 = 4288266240 ሲሆን፣ ይህ ተዘርዝሮ 2¹⁴ × 3 × 5 × 17449 ነው። ከእነዚህ ቁጥሮች ሁሉንም ወደ ቀሪ 1 የሚያደርሰው ትንሹ አርቢ 33502080 ነው፤ ለ2 ግን 64 ብቻ መብቃቱ 2 በዚህ ቁጥር ውስጥ ያለውን ልዩ ቦታ ያሳያል።

1ን ለ641 ስናካፍል የሚገኘው አስርዮሽ 0.00156006240249609984399375975039 ሆኖ ከዚያ ወዲያ ይደጋገማል፤ የድግግሞሹ ርዝመት 32 አኃዝ ነው። ይህም ከማክሰኞ ማታው ማረጋገጫ ይመነጫል፦ 5 × 2⁷ ከ −1 ጋር አንድ በመሆኑ 10¹⁶ በ641 ሲካፈል ከ −1 ጋር አንድ ይሆናል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 16 አኃዞች 0015600624024960 ከተከታዮቹ 9984399375975039 ጋር በየቦታቸው ሲደመሩ ሁሉም 9 ይሆናሉ።

ቁጥሩ ብቸኛ አለመሆኑ በጂኦሜትሪም ፍሬ አለው። ጋውስ በ1796 እንዳሳየው 17 ጎን ያለው ሥርዓታዊ ጎነ ብዙ በማስመሪያና በኮምፓስ ሊነደፍ ይችላል። የጎኖቹ ብዛት ጎዶሎ ሲሆን ይህ የሚቻለው ብዛቱ የተለያዩ ብቸኛ የፌርማ ቁጥሮች ብዜት ሲሆን ብቻ ነው፤ «ብቻ» የሚለውን ወገን ያረጋገጠው ቫንትሴል በ1837 ነው። ከ65537 ወዲያ እስካሁን ብቸኛ የሆነ የፌርማ ቁጥር ስላልተገኘ፣ ሊነደፉ እንደሚችሉ የሚታወቁት ጎዶሎ ብዛቶች 31 ናቸው፤ ትልቁም 4294967295 ነው፣ ከእኛ ቁጥር በ2 የሚያንሰው።

ከዚህ ቀጥሎ ስድስተኛውን 18446744073709551617ን ጀምሬያለሁ። እዚህ ማጣሪያው ከ256 ብዜት በ1 መብለጥ ነው። 257 ወጥቷል፤ 513 ብቸኛ አይደለም። በ769 ደግሞ 2¹⁶ ቀሪው 171፣ 2³² ቀሪው 19፣ 2⁶⁴ ቀሪው 361 ስለሆነ የቁጥሩ ቀሪ 362 ነው፤ አያካፍለውም። ከ1025 እስከ 3073 ያሉት እጩዎች አንዳቸውም ብቸኛ ስላልሆኑ ተራው የ3329 ነው።